ባትሪ ገዛሁ፣ ሞተሪኖ ገዛሁ፤ ጥፋቱ የሽቦ ነበር

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነው። ወሩ ታኅሣሥ፣ ከተማው ደብረ ብርሃን። የፊት መስታወቱን ውርጭ ሸፍኖታል። ቁልፉን አዞርኩ። «ጠቅ» አለች። ደግሜ አዞርኩ። «ጠቅ»። ሌላ ድምፅ የለም።

መኪናዬ ደብል ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። የ1994 ሞዴል፣ ባለ 2.8 ሊትር ናፍጣ፣ መካኒኮች «ስሪ ኤል» የሚሉት ሞተር ያላት። ከአንድ የእርዳታ ድርጅት በጨረታ ወጥታ፣ በሁለት ሰው እጅ አልፋ ነው እኔ ዘንድ የደረሰችው። ሞተሯ በኮምፒውተር አይታዘዝም። የናፍጣ ፖምፓዋም መካኒካል ነው። ይህን የምናገረው ለጉራ አይደለም፤ ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ እንዲህ ላለች አሮጌ መኪና ስለሆነ ነው። አዲስ ፒካፕ ያላችሁ ሰዎች ግማሹ አይሠራላችሁም።

እኔ ራሴ መካኒክ አይደለሁም። የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን ልብሴ ናፍጣ ናፍጣ ይሸታል። ባለቤቴ ለዚያ ልብስ የተለየ ቦታ ሰጥታኛለች፤ በረንዳ ላይ፣ ከዶሮዎቹ አጠገብ።

ወደዚያ ጠዋት ልመለስ። ጎረቤት ባትሪ አበድሮኝ አስነሳኋትና ቀጥታ ባትሪ መሸጫ ሄድኩ። አዲስ ባትሪ ገዛሁ። ሁለት ሳምንት ያህል እንደ ጥይት ተነሳች። ከዚያ አንድ ቀን «ጠቅ»። ጋራዥ ስወስዳት ሞተሪኖው፣ ቁልፍ ሲዞር ሞተሩን የሚያዞረው ዕቃ፣ ነው አሉኝ። አዲስ አበባ፣ የመኪና ዕቃ የሚሸጥበት ሶማሌ ተራ ሰው ልኬ ያገለገለ ሞተሪኖ አስመጣሁ። ተገጠመ። አንድ ወር ሠራች። ከዚያ፣ እናንተው ገምቱት፣ «ጠቅ»።

በሦስተኛው ጊዜ ሰፈራችን ያሉ ሽማግሌ መካኒክ ጠራሁ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል። ስማቸውን ልተወው፤ እኔ ጋሼ ነው የምላቸው። በእጃቸው ምንም መሣሪያ አልያዙም ነበር። ኮፈኑን አስከፍተው «በል አዙር» አሉኝ። አዞርኩ፤ «ጠቅ»። «ድገም»። ደገምኩ። አራት አምስት ጊዜ ካስደገሙኝ በኋላ «ና ውረድ፣ እዚህ ጋ ንካ» አሉኝ። ከባትሪው ኔጌቲቭ ተነስቶ ሞተሩ ላይ የሚታሰረው ወፍራም ሽቦ ነው። ጫፉን ነካሁት። ይፋጃል። በዚያ ብርድ፣ ሌላው ብረት ሁሉ በረዶ በሆነበት ሰዓት፣ የሽቦው ጫፍ ብቻ ይፋጃል።

«ባትሪህ ደህና ነው። ሞተሪኖህም የድሮውም ደህና ነበር። መሬቱ ነው ልጄ» አሉኝ። መካኒኮች «መሬት» የሚሉት ይህንኑ የኔጌቲቭ ሽቦ ነው።

በ14 ቁልፍ ቡሎኑን ፈታነው። ከሥሩ ያለው ብረት አረንጓዴ አመድ ለብሷል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍገን፣ ትንሽ ግራሶ ቀብተን፣ መልሰን አጠበቅነው። ሃያ ደቂቃ አልፈጀም። ሞተሩ ገና ቁልፉን አዙሬ ሳልጨርስ ተነሳ። ገንዘብ ልስጥ ብል ተቆጡ። ቡና ጠጥተው ሄዱ።

ለምን አዲሱ ባትሪ ሁለት ሳምንት ሠራ? ለምን ሞተሪኖው ወር ቆየ? ባትሪው ሲቀየር ጉልበቱ ሙሉ ስለነበር በመጥፎው መንገድም ቢሆን እየገፋ አለፈ። ሞተሪኖው ሲቀየር ደግሞ የጋራዡ ልጆች እዚያው አካባቢ ያሉ ሽቦዎችን ነካክተው ነበር፤ ለጊዜው ግንኙነቱ ያዘ። እኔ ግን ሁለቱንም ጊዜ «ተገኘ!» ብዬ ነበር የሄድኩት።

ከዚያ በኋላ የገባኝ ነገር አለ። ጋራዥ የሚከፈለው ዕቃ ሲቀይር ነው። ጥፋቱን ለመፈለግ ሁለት ሰዓት ለጠፋ ሰው «ምን ሠራህ?» ብለን ነው የምንከራከረው። ስለዚህ ልጆቹ ቶሎ ቀይረው ቶሎ ይገላገላሉ። እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ አደርግ ነበር። ታዲያ የመኪናው ባለቤት መሥራት ያለበት ያንን ማንም የማይከፍልበትን ሥራ ነው፤ መፈለጉን። መቀየሩን ብትፈልጉ ለባለሙያ ስጡት።

የገዛሁት የመጀመሪያ መሣሪያም ቁልፍ አልነበረም፤ መልቲሜትር ነው። ርካሹን። ጋሼ በእጃቸው ሙቀት ያወቁትን እኔ በቁጥር አየዋለሁ። አንዱን ሽቦ ባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ባዶ ብረት ላይ አስነክታችሁ ሰው ቁልፉን እንዲያዞር አድርጉ። ሞተሩ እየዞረ ሳለ ከግማሽ ቮልት በላይ ካሳየ መሬቱ ደህና አይደለም። በፖዘቲቭ በኩልም ከባትሪው ራስ እስከ ሞተሪኖው ትልቅ ቡሎን ድረስ እንዲሁ ነው። ባትሪው ራሱ ሌሊቱን አድሮ ጠዋት 12.6 አካባቢ ካሳየ ሙሉ ነው፤ 12.2 ከሆነ ግማሽ ነው። ሞተሩ ተነስቶ ዲናሞው ሲሞላ ከ13.8 እስከ 14.4 ድረስ መሆን አለበት። እነዚህን አራት ቁጥሮች ጋቢናው ውስጥ ካለው የፀሐይ መከላከያ ጀርባ ጽፌ ለጥፌያቸዋለሁ።

ስለ ሌላው መሣሪያ ብዙ አላወራም። 10፣ 12፣ 14፣ 17 እና 19 ቁልፍ ካላችሁ የቶዮታን አብዛኛውን ቡሎን ትፈታላችሁ። ጥሩ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ የግራሶ ፖምፓ። መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ ያገለገለ የጀርመን ቁልፍ ካገኛችሁ ከአዲሱ ርካሽ ቁልፍ ይሻላል፤ አዲሱ አፉ ይከፈትና የቡሎኑን ራስ ክብ ያደርግባችኋል። ሌላው ደብተር ነው። ቀን፣ ኪሎሜትር፣ ያየሁት፣ ያደረግኩት። የሙያ በሽታ ነው በሉኝ። ግን ሁለት ጊዜ ከጭቅጭቅ፣ አንድ ጊዜ ከትልቅ ወጪ አድኖኛል።

ሁለተኛው ታሪክ የናፍጣ ነው። ይሄኛው ለብዙ ሰው ይጠቅማል ብዬ ስለማስብ ትንሽ ልዘርዝረው።

መሬቱ ከተስተካከለ በኋላ ሞተሪኖው በደንብ ያዞራል፤ ግን ጠዋት ጠዋት ሞተሩ ቶሎ አይነሳም። ነጭ ጭስ ትፍ ትፍ ይላል፣ ይንፈራገጣል፣ ከዚያ ይነሳል። አንዴ ከተነሳ ቀኑን ሙሉ ሰላም ነው። ሁሉም ሰው «ማሞቂያ ካንዴላ ነው» አለኝ፤ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ውስጡን በኤሌክትሪክ የሚያሞቀው ማለት ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ ያለች ከተማ ናት፤ ለናፍጣ ሞተር ብርዱም የአየሩ ማነስም ጠላት ነው። ስለዚህ ግምቱ መጥፎ አልነበረም። እኔ ግን አንድ ጊዜ ተቃጥያለሁ። አራት ካንዴላ ከመግዛቴ በፊት ያሉትን ልፈትን አልኩ።

አራቱን የምታያይዘውን ጠፍጣፋ ብረት ትፈታላችሁ። ከዚያ መልቲሜትሩን ኦም ላይ አድርጋችሁ አንዱን ጫፍ ካንዴላው ራስ ላይ፣ ሌላውን ሞተሩ ላይ። አንድ ኦም አካባቢ ወይም ከዚያ በታች ካሳየ በሕይወት አለ። ምንም ካላሳየ ሞቷል። መልቲሜትር ከሌላችሁ የ12 ቮልት አምፖል ከባትሪው ፖዘቲቭ ጋር አያይዛችሁ በሌላኛው ሽቦ የካንዴላውን ራስ ንኩ፤ ከበራ ደህና ነው። ካንዴላውን ራሱን በቀጥታ ባትሪ ላይ አትሰኩ። ላዩ ላይ የታተመውን ቮልት እዩ፤ ሁሉም የ12 አይደለም። የማይሆን ቮልት ከሰጣችሁት ዓይናችሁ እያየ ይቃጠላል።

ከአራቱ የሞተው አንዱ ብቻ ነበር። ስፈታው ቀስ ብዬ ነው፤ ከዋዜማው ዘይትና ናፍጣ ቀላቅዬ አጠጥቼው አድሯል። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ውስጥ ተሰብሮ ቢቀር ቴስታታ ማውረድ ነው የሚከተለው። አዲሱ ገባ። ጠዋት ትንሽ ተሻለ፤ ግን አልዳነም።

ታዲያ ምን ቀረ? ጋሼን ጠየቅኳቸው። «ማታ በፖምፓው ሙላና እደር» አሉኝ። የናፍጣ ፍልትሮው ራስ ላይ በእጅ የሚጫን ፖምፓ አለ። ማታ ሳቆማት ጫንኩት፤ ጠንካራ ነው፣ አልወርድም አለ። ጠዋት ሞተሩን ከመንካቴ በፊት ስጫነው ለስላሳ ነው፤ ሃያ ጊዜ ያህል ከጫንኩት በኋላ ነው የጠነከረው። ከዚያ ቁልፉን ሳዞር ወዲያው ተነሳች። ሌሊቱን ናፍጣው ወደ ታንከሩ እየተመለሰ ነበር ማለት ነው። የሆነ ቦታ አየር ያስገባል።

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚሳሳተው «የሚያፈስ ቦታ የለም» በሚል ነው። እኔም መሬቱን አይቼ ነበር፤ ጠብታ የለም። ግን ከታንከሩ እስከ ፖምፓው ያለው መስመር የሚሳብ መስመር ነው። የሚሳብ ቱቦ ሲሰነጠቅ ናፍጣ አያወጣም፤ አየር ያስገባል። ስለዚህ ደረቅ ሆኖ ያታልላችኋል።

ያገኘሁት እንዲህ ነው። አንድ ክንድ የሚሆን ናፍጣ የሚችል ብርሃን የሚያሳልፍ ቱቦ ከፍልትሮው ወደ ፖምፓው በሚሄደው ላይ ለጊዜው ቀጠልኩ። ሞተሩ ሲሠራ አረፋ ይታያል፤ እንደ ለስላሳ መጠጥ። ከዚያ ቱቦውን ከፍልትሮው በፊት አዞርኩት። አሁንም አረፋ። ስለዚህ ፍልትሮው ነፃ ነው፤ ጥፋቱ ወደ ኋላ ነው። መኪናዋ ሥር ገብቼ እየተከተልኩ ሄድኩ። ታንከሩ አጠገብ፣ ከብረቱ ቱቦ ጋር የሚገናኝ ጣት የምታህል ጎማ አለች። ጠምዘዝ ሳደርጋት ፀጉር የሚያክል ስንጥቅ አፏን ከፈተች። ያቺ ናት። አንድ ሜትር የናፍጣ ጎማና ሁለት ማሰሪያ፣ ከአንድ ኪሎ ቡና ባነሰ ዋጋ።

ከቀየራችሁ በኋላ አየሩን ማውጣት ግድ ነው። በእጅ ፖምፓው እስኪጠነክር ጫኑ። ካልነሳ ወደ ሞተሩ ራስ የሚሄዱትን የብረት ቱቦዎች ዳዶ በ17 ቁልፍ ሁለቱን ላላ አድርጋችሁ ሞተሩን አስዞሩ፤ ናፍጣ መትፋት ሲጀምር አጥብቁ። እጃችሁን ግን ከዚያ አርቁ። ያ ናፍጣ በከባድ ግፊት ነው የሚወጣው፤ ቆዳ ሰንጥቆ ይገባል። ከገባ ደግሞ «ትንሽ ነው» ተብሎ የሚታለፍ ነገር አይደለም፤ ቀጥታ ሐኪም ቤት ነው።

ፍልትሮው ሥር ያለችውን የውሃ ማውጫም አትርሱ። የነዳጅ ወረፋ ሰሞን ከጀሪካን የቀዳችሁ እንደሆነ በተለይ። እኔ በየሁለት ሳምንቱ ትንሽ ወደ ብርጭቆ አወጣለሁ። ውሃው ከሥር፣ ናፍጣው ከላይ ተለይቶ ይቀመጣል። አንድ ጊዜ ብርጭቆው ሲሶው ውሃ ነበር። ያ ውሃ ፖምፓው ውስጥ ቢገባ ኖሮ ይህን ሳይሆን ሌላ ታሪክ ነበር የምጽፈው።

ስለ ሙቀት አጠር አድርጌ ልናገር። በደብረ ብርሃን ከፍታ ውሃ 90 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል። የሞተሩ የተለመደ ሙቀት ደግሞ እዚያው ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የራዲያተሩ ክዳን ነው፤ ግፊት አምቆ። ክዳኑ ጎማው ካረጀ መርፌው ቀዩ ጋ ሳይደርስ ውሃው ይፈላና ይተፋዋል። እኔ ከሸዋ ሮቢት ስመለስ ዳገቱ ላይ ሁለት ጊዜ ተፋች። «ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ይቀየር» ተባልኩ። ክዳኑን ቀየርኩ፤ ዳነ። ትኩስ ራዲያተር ግን አትክፈቱ፤ ቀኝ ክንዴ ላይ ለዚህ ማስረጃ አለ። ቴርሞስታቱን፣ ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃውን የሚያግተውን፣ ላየው ብዬ ስፈታው ደግሞ ቤቱ ባዶ ነው። አንዱ ቀደም ብሎ ነቅሎ ጥሎታል። «ለእኛ አገር አያስፈልግም» የሚሉ መካኒኮች አሉ። በዚህ ጉዳይ አልስማማም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በብርድ አገር ሙቀቱን ሳያገኝ ይውላል፣ ናፍጣም ይበላል። 82 የተጻፈበትን ገጠምኩ፤ የጋቢናው ማሞቂያ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቀ። ልጄ «አባዬ፣ ይሄ ነገር ይሠራ ነበር እንዴ?» አለችኝ።

አሁን ፍሬን። እዚህ ጋ ቀልዱን ልቀንስ።

ጣርማ በርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ጣሊያን የቆፈረውን ዋሻ ከ3,000 ሜትር በላይ ላይ አልፋችሁ፣ በደብረ ሲና በኩል እየተጠማዘዛችሁ ትወርዳላችሁ። ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ከፍታው 1,300 ሜትር አካባቢ ነው። ሹራብ ለብሳችሁ ተነስታችሁ በሸሚዝ ትገባላችሁ። አንድ ቀን ድንች ጭኜ እየወረድኩ ነው። የኋላ የፍሬን ሸራ ከወር በፊት አስቀይሬያለሁ፤ ስለዚህ ልቤ ሙሉ ነው። በአራተኛ ማርሽ ፍሬን እየረገጥኩ ነው የምወርደው። ከደብረ ሲና በላይ አንድ ኩርባ ላይ ስረግጥ ፔዳሉ ወለል ነካ። ባዶ። ደግሜ ረገጥኩ፤ ግማሽ ያዘ። ሦስተኛ፣ ከዚያ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁ፤ ሞተሩ ጮኸ። በእጅ ፍሬን እያገዝኩ ዳር የያዘ ጠጠር ላይ አቆምኳት። ከፊት ቸርኬው የሚወጣው ሽታ የተቃጠለ ጎማ ዓይነት ነው። እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል እግሬ ሲንቀጠቀጥ ነበር።

ሲበርድ ፔዳሉ ተመለሰ። ይሄ ነው አታላዩ ነገር። ከተማ ውስጥ ብትፈትኑት ምንም የለበትም።

ጥፋቱ ሁለት ነበር። አንዱ የኔ ነው፤ በወጣችሁበት ማርሽ ውረዱ የሚለውን የድሮ ሹፌሮች ምክር ንቄ። ሁለተኛው የፍሬን ዘይቱ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል። ዓመታት ሲያልፉት ውሃ ያጠራቅማል። ፍሬኑ ሲግል ያ ውሃ ይፈላና እንፋሎት ይሆናል። እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፤ ፔዳሉ ይሰምጣል። ሸራ ሲቀየር ዘይቱን የነካው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅኩም። ኮፈኑ ሥር ካለው የፍሬን ዘይት ጠርሙስ ሲወጣ ቡናማ ነበር፣ የሻይ ቀለም። አዲሱ እንደ ማር ውሃ የጠራ ነው።

አሁን በየሁለት ዓመቱ ራሴ እቀይረዋለሁ። ረዳቴ ልጄ ናት፤ 12 ዓመቷ ነው። እሷ ጋቢና ውስጥ፣ እኔ ጎማው ጋ። ከጠርሙሱ በጣም ከሚርቀው ጎማ እንጀምራለን፤ ኋላ ቀኝ፣ ኋላ ግራ፣ ፊት ቀኝ፣ ፊት ግራ። ሃይሉክስ ላይ ከኋላ አክስሉ በላይ እንደ ጭነቱ ፍሬን የምትመጥን ቫልቭ አለች፤ እሷም መተንፈሻ አላት፣ አትዝለሏት። መተንፈሻው ላይ ቀጭን ቱቦ ትሰኩና ሌላውን ጫፍ ትንሽ ዘይት ያለበት የውሃ ፕላስቲክ ውስጥ ትነክሩታላችሁ።

«ርገጪ!»
«ረገጥኩ!»
«ያዢ!»
«ይዣለሁ!»

መተንፈሻውን በ10 ቁልፍ ላላ አደርገዋለሁ፤ ዘይቱ ከነአረፋው ይወጣል። አጠብቃለሁ። «ልቀቂ!» አረፋ እስኪጠፋ፣ የጠራው እስኪመጣ። አንድ ጊዜ ድመት አይታ ሳልነግራት ለቀቀች። አየሩ ተመልሶ ገባ፣ እንደገና ከመጀመሪያው። ከላይ ያለው ጠርሙስ ደግሞ ባዶ እንዳይሆን በየአምስት ስድስት ርግጫው ሙሉት። ዘይቱ ቀለም ይበላል፤ ከነካው ወዲያው በውሃ እጠቡት። ስትጨርሱ ግቢ ውስጥ በዝግታ ነድታችሁ ፈትኑ እንጂ ዋና መንገድ ላይ አትውጡ። ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ከሆነባችሁና ደጋግማችሁም ካልጠነከረ ኩራት ይቅር፤ መካኒክ ጥሩ።

የማልነካቸውም አሉ። የናፍጣ ፖምፓውን ውስጡንና ናፍጣውን ሞተሩ ውስጥ የሚረጩትን ኢንየቶሮች አልከፍትም፤ መፈተኛ ማሽን ይፈልጋሉ። ቴስታታ አላወርድም። ፒስቶኑንና ባልቦላውን በጊዜያቸው የሚያስኬደውን የታይሚንግ ቺንጋም ለባለሙያ ነው የሰጠሁት። በዚህ ሞተር በየ100,000 ኪሎሜትር ይቀየራል፤ ዳሽቦርዱ ላይ ለዚሁ የምትበራ መብራት አለች። የኔዋን አምፖል አንዱ ነቅሎት ነበር፤ መብራቷ ስለሰለቸችው ይሆናል። ቺንጋው ከተበጠሰ ፒስቶኑ ባልቦላውን ይመታል፣ ከዚያ ወጪው ሌላ ነው። ስለዚህ አሮጌ ሃይሉክስ ስትገዙ መቼ እንደተቀየረ በወረቀት ካላያችሁ አልተቀየረም ብላችሁ ቁጠሩ። እኔ ሲቀየር ቆሜ አየሁ። መካኒኩ ልጅ ምልክቶቹን ካገጣጠመ በኋላ ሞተሩን በቁልፍ በእጁ ሁለት ሙሉ ዙር አዙሮ ምልክቶቹን እንደገና አየ። ያንን የማያደርግ ካያችሁ በትሕትና ጠይቁት።

ስለ ጥፋቶቼ አንዳንድ ልናዘዝ። የሞተር ዘይት ስቀይር የማውጫውን ቡሎን «እንዳያፈስ» ብዬ በሙሉ ጉልበቴ አጠበቅኩት፤ ጥርሱ ተበላ። ቡሎኑን የሚያሽገው ሮንዴላው ነው፤ ጉልበት አይደለም። አዲስ ሮንዴላ አድርጉና በልክ አጥብቁ። የወጣው ዘይት ጥቁር ስለሆነ አትደንግጡ፤ ናፍጣ ሞተር ላይ አዲሱም በሁለት ቀን ይጠቁራል። እኔ በ5,000 ኪሎሜትር እቀይራለሁ፤ ወደ ስድስት ሊትር ይወስዳል። የተቃጠለውን መሬት ላይ አልደፋም። አጥር የሚያጥር ጎረቤት ምስጥ እንዳይበላበት እንጨቱን ይቀባበታል።

ሌላው ከዚህ የከፋ ነው። ሐምሌ ነው፣ መሬቱ ርሷል። በክሪክ አንስቼ የኋላ ጎማ ፈታሁ። ከክሪኩ ሥር ሳንቃ አላደረግኩም። ጋሼ በሌላ ቀን «የፈታኸውን ጎማ ሻንሲው ሥር አስተኛው» ብለውኝ ስለነበር ጎማውን አስተኝቼዋለሁ። እጄን ልሰድ ጎንበስ ስል ክሪኩ ጭቃው ውስጥ ሰመጠ፤ መኪናዋ ጎማው ላይ ዱብ አለች። እጄ ከፍሬኑ ታምቡር አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ነበር። በማግሥቱ ብየዳ ቤት ሄጄ ሁለት ወፍራም የብረት ማቆሚያ አሠራሁ። በክሪክ ካነሳኋት ያለ እነሱ ሥሯ አልገባም። እናንተም አትግቡ፤ ለአንድ ደቂቃም ቢሆን።

ዕቃ ስትገዙ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፣ የሻንሲ ቁጥሩንም ጽፋችሁ። «ሃይሉክስ» ብቻ ብላችሁ ከጠየቃችሁ ሦስት ዓይነት ያወጡላችኋል፤ ሁሉም «ይገባል» ነው። ኩሽኔታ ከሆነ ካርቶኑን ሳይሆን ቀለበቱ ላይ የተመታውን ጽሑፍ እዩ። ካርቶን ማንም ያትማል። እኔ ቆንጆ ካርቶን አይቼ የገዛሁት የፊት ጎማ ኩሽኔታ በአራት ወሩ መጮኽ ጀመረ። አንዳንዱ ዕቃ ያገለገለ ኦሪጅናሉ ተመስሎ ከተሠራ አዲስ ይሻላል፤ ዲናሞና ሞተሪኖ እንዲህ ናቸው። ጎማና ላስቲክ ነገር፣ የፍሬን ዕቃና ቺንጋ ግን ያገለገለ በጭራሽ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተባለ ወዲህ በአሮጌ መኪኖች ላይ ያለን ጥንቃቄ ጨምሯል፤ የዕቃ ነጋዴዎቹም ይህን ያውቃሉ።

አሁን ያልፈታኋት አንዲት ድምፅ አለች። ከመጀመሪያ ወደ ሁለተኛ ስቀይር፣ ፍሪሲዮኑን ስለቅ፣ ከኋላ «ቋ» ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ። ባዶ ስትሆን ይሰማል፣ ስትጫን ይጠፋል። አንድ ወዳጄ «ዲፈረንሻሉ ነው፣ ያገለገለ አለ፣ ላምጣልህ?» ብሎኛል። አመሰግናለሁ አልኩት። የባሌስትራውን ማሰሪያ ቡሎኖች አጠበቅኩ፤ አልጠፋም። የካርዳኑን፣ ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማዎች የሚወስደውን ዘንግ፣ ክሮቼራዎች (መጋጠሚያዎቹን) ግራሶ ሞላሁ፤ ቀነሰ፣ ግን አለ። ባለፈው ቅዳሜ የኋላ ጎማዎቹን በድንጋይ አግጄ፣ ማርሽ አውጥቼ፣ እጅ ፍሬኑንም ለቅቄ፣ ሥሯ ገብቼ ካርዳኑን በእጄ ግራና ቀኝ ነቀነቅኩት። የኋለኛው ክሮቼራ ላይ ትንሽ ክፍተት ያለ መሰለኝ። ወይም ይመስለኛል። ልጄ የእጅ ባትሪ አብርታ «አልተንቀሳቀሰም» አለች፤ እኔ «ተንቀሳቅሷል» አልኩ። ደብተሩ ላይ በጥያቄ ምልክት ጻፍነው። የሚመጣው ቅዳሜ ካርዳኑን እናወርደዋለን።